ሶኬቱን የሰካሁት እኔ ነኝ

ሮቤ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሶረቲ
ደሎ መና

ልጄ ሆይ፣ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። ሙቀቱ እንዴት አድርጎሻል? እኛ እዚህ ከነብርዳችን አለን። ደብዳቤ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው። ፖስታው ላይ ስሜን ስታዪ ሳትከፍቺ ልታስቀምጪው ታስቢ ይሆናል። ብታስቀምጪውም አልፈርድብሽም፤ ግን በእናትሽ ይሁንብሽ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ለምን እንዳልደወልኩ ታውቂያለሽ። እናትሽ አውርታሽ ስትጨርስ "እስቲ አባትሽን አናግሪው" ብላ ስልኩን ስታቀብለኝ "ኔትወርኩ ይቆራረጣል" ትያለሽ፣ ከዚያ ይዘጋል። ከእናትሽ ጋር ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደህና የነበረ ኔትወርክ እኔ ጋ ሲደርስ ብቻ የሚቆራረጠው ለምን እንደሆነ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። አልተቀየምኩም። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም እዘጋዋለሁ።

ደግሞስ በስልክ ቢሆን የምነግርሽን ጀምሬ አልጨርሰውም። ስናገር አፌ ያመልጠኛል። በወረቀት ሲሆን ቢያንስ መለስ ብዬ አየዋለሁ። በግራ እጄ ወረቀቱን አጥብቄ መያዝ ስለማልችል አንድ ቁራጭ ጥድ ጭኜበት ነው የምጽፈው። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ ታገሺኝ።

ኮምባይነሮቹ ከሲናና በኩል መግባት ጀምረዋል። መንገዱን ሞልተውት ጋሪውና ባጃጁ መተላለፊያ አጥቶ ሲጨቃጨቅ ይውላል። የዘንድሮ ስንዴ ጥሩ ነው ይላሉ። ስንዴ ጥሩ ሲሆን ሰው በር ያሠራል፣ አልጋ ያሠራል፣ ስለዚህ እኔም ሥራ አላጣም። አንቺስ አጎበርሽን እየዘረጋሽ ትተኛለሽ ወይ? እዚያ ወባ እንዳለ አትርሺ። የሳነቴን ብርዳም ተራራ ስታቋርጪ የለበስሽውን ሹራብ አሁን የትም ጥለሽው ይሆናል፤ ስትመለሺ ስለምትፈልጊው አስቀምጪው። ስትመለሺ አልኩ እንጂ ተመለሺ አላልኩም። ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው ሳምንት እናትሽ ካንቺ ጋር አውርታ ስልኩን ዘጋች። "ምን አለች?" ስላት፣ "ቫርኒሽ ነው የምትቀባው" አለችኝ። "ማሽኑስ?" "አያስጠጓትም" አለችና ወጥ ልታማስል ገባች።

ሮቤ ውስጥ አርባ አምስት ዲግሪ እንዳንቺ አድርጎ የሚቆርጥ ሰው ማን አለ ቢሉኝ፣ እኔን ጨምሮ ማንም የለም እላለሁ። ይህን ደግሞ አንድ ቀን በአፌ ነግሬሽ አላውቅም። አራት ቁራጭ ቆርጠሽ ስትገጥሚያቸው መገጣጠሚያው ውስጥ ወረቀት አይገባም ነበር። ያቺው ልጅ ዛሬ ብሩሽ ይዛ ሌላው የቆረጠውን ትቀባለች። ብሩሹን ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ።

እስከ ዛሬ ያልሰማሽው ነገር አለ። አሠሪሽ አቶ ቦሩ አንቺ ሥራ በጀመርሽ በሳምንቱ ደውለውልኝ ነበር። ሻይ ቤት ነበርኩ። ፎቶ ቤት ያለው ረዲ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ሌሎችም ነበሩ።

"አከም ጂርቱ አቶ ሙለታ? ልጅዎ ጨዋ ናት፣ ሥራዋም ጥሩ ነው። ግን ከሮቤ የመጣ ሾፌር አንድ ነገር አወራብን። የአባቷን ጣት ያስቆረጠች ናት አለ። እኔ ሦስት ሠራተኛ አለኝ። የሰው እጅ ነው፣ ነገ አላህ ፊት የምጠየቅበት ነው። እውነት ነው ወይ?"

አንድ "አይደለም" ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። ሰው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ይሰማኛል። ጉሮሮዬን ጠረግኩና "እንግዲህ ልጅ ናት፣ ቀስ እያለች ትማራለች" አልኩ። በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ ታጋሽ አባት አድርጌ ነው ያልኩት። "ገባኝ" ብለው ዘጉ። ይህን ስጽፍልሽ ፊቴ ይቃጠላል።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ስትጨርሺ ለአቶ ቦሩ ስጪልኝ። እሳቸውም እንዲያነቡት ነው የምጽፈው። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውንም ቢሆን ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ። "ይህን ለእኔ ምን ይነግረኛል" አትበዪ።

ነገሩ የሆነው ሰኔ ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሊያስመርቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ረዲ ለምሩቃን ፎቶ ስልሳ ክፈፍ አዘዘን። ስልሳ ክፈፍ ማለት ሁለት መቶ አርባ ቁራጭ እንጨት ነው፤ እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፉ አርባ አምስት ዲግሪ መቆረጥ አለበት። በእጅ መጋዝ የሚደረስበት አልነበረም። የማዕዘን መቁረጫ ማሽኑን ከገዛነው ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሶረቲ ከቴክኒክና ሙያ አጠቃቀሙን ተምራ መጥታለች። እኔ በእጅ መጋዝ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ግን አላውቅም፣ አሳዪኝ ማለት ሞት መሰለኝ።

እሷ ማዕዘኑን ከመቀየሯ በፊት ሶኬቱን ትነቅላለች። መጀመሪያ ውዳቂ እንጨት ላይ ትሞክራለች። እንጨቱን ከኋላው ካለው መደገፊያ ጋር አጥብቃ ትይዝና እጇን ከዲስኩ ከአንድ ስንዝር በላይ ታርቃለች። እጅና እጇን አታጠላልፍም። ዲስኩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይይዝ እንጨት አታስነካውም፤ ቆርጣ ስትጨርስም ቁልፉን ለቅቃ ዲስኩ ቀጥ እስኪል ትጠብቃለች እንጂ እየዞረ ወደ ላይ አታነሳውም። እኔ ደግሞ በሰው ፊት "የማሽን ሞግዚት" እላት ነበር። መነጽር ስታደርግ "ልትበሪ ነው ወይ?" ብዬ አስቅባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የምትስቀው እኔ እንዳላፍር ብላ ነው።

የመብራቱን ነገር ማንም ያውቀዋል። ይሄዳል፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሲመጣ ደግሞ ሳይሄድ ለመድረስ መሮጥ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጬ የሱቄን አምፖል አላየውም። እናም ብልሃት አወጣሁ፣ እኮራበትም ነበር። የማሽኑን ቁልፍ እንደተጫነ በከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጠፍሬ አስረውና ትቼው እሄዳለሁ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይጮሃል፣ እኔም ሻዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ለምዶት "የሙለታ ማሽን ጮኸ፣ መብራት መጥቷል" ይባባል ነበር። ሶረቲ ባየችው ቁጥር ሶኬቱን ትነቅላለች፣ እኔ መልሼ እሰካለሁ። "አባዬ፣ ማሎ፣ እባክዎን፣ ይህ ነገር አንድ ቀን የሰው እጅ ይበላል" ብላ ስንት ጊዜ ለምናኛለች።

የዚያን ዕለት እኔ እየቆረጥኩ ሳለሁ መብራት ሄደ። ዲስኩ ግማሽ ድረስ የተቆረጠ እንጨት ውስጥ እንደገባ ቆመ። አላወጣሁትም። ቁልፉን አሰርኩና ሻይ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ሶረቲ ሶኬቱን ነቅላ ጓሮ እንጨት ልታመጣ ገብታለች። ተናደድኩ። "ይቺ ልጅ ደግሞ!" ብዬ መልሼ ሰካሁት። እጄ ገና ሶኬቱ ላይ እያለ ተመለሰች።

"አባዬ፣ ይንቀሉት" አለችኝ።

"ሥራሽን ሥሪ" አልኳት።

ከዚያ ዓይኔ የተቀረቀረው እንጨት ላይ አረፈ። ጥሩ፣ አንጓ የሌለው ጥድ ነበር። ድንገት መብራት ቢመጣ ይበላሻል፣ ላውጣው ብዬ በግራ እጄ ዲስኩ አጠገብ ያዝኩት። ልብ ይበሉልኝ አቶ ቦሩ፤ መብራት ቢመጣ ብዬ ለእንጨቱ አሰብኩ እንጂ ለእጄ አላሰብኩም። መብራት መጣ። ውጭ የሰፈሩ ልጆች "መብራት መጣ!" ብለው ሲጨፍሩ ሰማሁ፣ ሻይ ቤት ያሉትም የኔን ማሽን ሰምተው ደስ ብሏቸው ነበር። ጠቋሚ ጣቴና የመሃል ጣቴ የሄዱት ያኔ ነው።

ልጄ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻርፕሽን ከራስሽ ላይ አውልቀሽ ጠመጠምሽልኝ። ባጃጅ አስቁመሽ፣ ክንዴን ወደ ላይ ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዘሽኝ ሄድሽ። ገና ከሮቤ ሳንወጣ ሾፌሩ ዞር ብሎ "ምን ሆነው ነው?" አለ።

"ልጄ ማሽኑን ሳትነቅል ትታው" አልኩ።

ማንም አላስገደደኝም። የጠየቀኝ የማላውቀው ሰው ነበር፤ እያመመኝ ስለነበር ዝም ብል ማንም አይታዘበኝም። ግን አፌ ከህመሙ ቀደመ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። እስከ ጎባ ድረስ ክንዴን እንደያዝሽ ነበር፣ አንዴም አላወረድሽውም።

ከዚያ ጠያቂው ጎረፈ። አቤት የሰዉ ብዛት! ብርቱካን የያዘ፣ ሙዝ የያዘ፣ ለስላሳ የያዘ። "ዋቀዮ ሲሃፈይሱ፣ እግዚአብሔር ይማርህ" ብሎ ይቀመጥና ትንሽ ቆይቶ "ለመሆኑ እንዴት ሆነ?" ይላል። እኔም እተርክለታለሁ። እሱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተረክሁት። በተረክሁት ቁጥር እየተስተካከለ ሄደ፤ እንደምልገው እንጨት ሻካራው እየጠፋለት። መጨረሻ ላይማ "ስንት ጊዜ ንቀይ ብያታለሁ" የሚል ጨመርኩበት። ያንቺን ልመና ወስጄ የራሴ አደረግሁት።

አንቺ ደግሞ ሻይ ትቀጂ ነበር። ትሪውን ይዘሽ ከአንዱ ወደ አንዱ ስትሄጂ እኔ እተርካለሁ። ሰዉ ብርጭቆውን ከእጅሽ ሲቀበል ቀና ብሎ ያይሻል። አንዳንዱ "አይዞሽ፣ ያጋጥማል" ይልሻል። "እሺ" ትይና ወደሚቀጥለው ትሄጃለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዘመዶችሽ ከአጋርፋ የመጡ ዕለት፣ "ስንት ጊዜ ንቀይ ብያታለሁ" ስል ትሪው በእጅሽ ላይ አዘነበለና ሻይ ፈሰሰ። "ተጠንቀቂ እንጂ" አልኩሽ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አጎንብሰሽ ወለሉን ጠረግሽ።

የከመነዳሪውንም ነገር አልረሳሁትም። ከሆስፒታል ስመለስ ቁልፉ ላይ አልነበረም። ሰው አይቶ እንዳይጠይቅ ፈትተሽ ጥለሽዋል፣ ለእኔ ብለሽ። አለመኖሩን ሳይ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? "ተመስገን" ነው ያልኩት። ያንቺ ደግነት ለውሸቴ ማስረጃ ሆነልኝ።

ሐምሌ ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ መሰከርኩ። በልጄ ስህተት ከመጣብኝ ሞት ጌታ እንዳዳነኝ፣ እኔም ከልቤ ይቅር እንዳልኳት ተናገርኩ። ጉባኤው እልል አለ፣ አንቺ መዘምራኑ መካከል ቆመሽ ነበር። ይቅር ብያታለሁ ማለቴን ሳስታውስ፣ ብቻዬንም ብሆን፣ ከተቀመጥኩበት ብድግ እላለሁ። ሮቤ ውስጥ አንድም አናጺ ሊቀጥርሽ ፈቃደኛ አልሆነም። መስከረም ላይ ሻንጣሽን ይዘሽ "ደሎ መና ሥራ አግኝቻለሁ" ስትዪኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩሽም። መናኸሪያ ድረስም አልሸኘሁሽም፤ እጄን አሞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ።

ለምን ዋሸሁ? ብዙ አሰብኩበት። አርባ ዓመት አናጺ ሆኜ አሥር ጣቴን ይዤ ቆይቻለሁ እያልኩ እፎክር ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ልጄ ትክክል ነበረች፣ እኔ ተሳሳትኩ ማለት ከጣቶቼ መቆረጥ በላይ አመመኝ። የተሻለ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ፤ ይኸው ነው።

እናትሽ ስለ ቫርኒሹ በነገረችኝ ማግስት ጠዋት ሱቄን ዘግቼ አቶ ቦሩ ጋ ደወልኩ።

"አቶ ቦሩ፣ ያን ጊዜ የመለስኩልዎት ውሸት ነው። ማሽኑን የሰካሁት እኔ ነኝ። ቁልፉን ያሰርኩትም እኔ ነኝ። ልጄ ነቅላው ነበር" አልኩ በአንድ ትንፋሽ።

አቶ ቦሩ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም።

"ወላሂ አቶ ሙለታ፣ አባት ነዎት! እኔም አምስት ልጅ አለኝ። እርስዎን ብሆን ይህንኑ ነበር የማደርገው።"

"ለእሷ ብዬ አይደለም፣ እውነቱን ነው!"

"እሷ ራሷ ነግራኛለች እኮ።"

"ምን ብላ?"

"ጠርቼ ጠየቅኳት። አንገቷን ደፍታ 'ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ ምንም አላደረገም' አለችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ስላሳደጉ አላህ ይስጥዎት። ማሽን ላይ ግን አላቆማትም፣ አይቀየሙኝ።"

ሶረቲ፣ ለምን እንዲህ አልሽ? እዚያ ማን ያውቀኛል? ተራራውን ተሻግረሽ፣ ጫካውን አልፈሽ፣ ስሜን ማንም ከማያውቅበት አገር ደርሰሽ እንኳ ተሸክመሽኝ ነበር። ስልኩን እንደያዝኩ ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ከትናንት ወዲያ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እንደገና ተነሣሁ። "በሐምሌ የሰጠሁት ምስክርነት ውሸት ነበር" አልኩ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ። ይቆጡኛል፣ ከአገልግሎት ያወርዱኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። መጋቢው ዓይናቸውን ጠራረጉና "ወገኖቼ፣ የአባት ፍቅር ማለት ይህ ነው፤ የልጁን በደል በራሱ ላይ ሲወስድ በዓይናችሁ አያችሁ" አሉ። ጉባኤው እልል አለ። "አይደለም! አይደለም!" እያልኩ ቆሜ ቀረሁ፣ መዝሙር ተጀመረ። ከዚያ ስወጣ እጄን የሚጨብጠው ብዙ ነበር።

ረዲም ትናንት ሻይ ቤት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጋሼ ሙለታ፣ ልጅን መሸፈን ጥሩ ነው፣ ግን አይድከሙ፣ ሁሉም ያውቃል እኮ" አለኝ። ያሳወቅኳቸው እኔ ነኝ፣ በደንብ አድርጌ። ዛሬ ሮቤ ውስጥ ከበፊቱ ይልቅ የተከበርኩ ሰው ሆኛለሁ። ወንበር ይለቁልኛል፣ ሻዬን ሌላ ሰው ይከፍልልኛል። አንድ ሰው ተነሥቶ ቢሰድበኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ያመነኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እናትሽ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ቀድማኝ ትራመድ ነበር። ቤት ገብተን ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መሃል ቤት ቆመች።

"እውነት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው።"

"ነቅላው ነበር?"

"ነቅላው ነበር።"

"ንቀለው ብላህ ነበር?"

"ብላኝ ነበር፣ ገላኔ።"

"እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳልኳት ታስታውሳለህ?"

እንዴት እረሳዋለሁ። ማዕድ ቤቱ በር ላይ አቁማሽ "አባትሽን አካለ ጎደሎ አደረግሽው፣ ደስ ይበልሽ" ብላሻለች። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። አንቺ ስታለቅሺም ሰምቻለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

"ያን ቃል ከአፌ አውጣልኝ" አለችኝ። "ያስገባኸው አንተ ነህ፣ አንተው አውጣው።"

ምን ብዬ ላውጣላት? ከዚያ ወዲህ ምግቤን ታቀርባለች፣ አታናግረኝም። ስትደውልልሽ ዝም ብትልብሽ ተቀይማሽ እንዳይመስልሽ፤ ምን ብላ እንደምትጀምር ጨንቋት ነው። አንቺ ጀምሪላት።

አቶ ቦሩ፣ እዚህ ድረስ ካነበቡ አንድ ነገር ልለምንዎት። የእኔን ቃል ይተዉት፣ የእሷንም ይተዉት። አንድ ክፈፍ ያስቆርጧት። ማዕዘኑን ቀይሪ ይበሏትና ራቅ ብለው እጇ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ማንም ሳይነግራት ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። አስባበት አይደለም፣ ከእጇ ጋር ተዋህዶ ነው። እኔ ይህን በሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ገና እየተማርኩ ነው። አሁን ትናንሽ ቁራጭ በእጄ አልይዝም፣ በሞርሳ አስሬ ነው የምቆርጠው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ነቅዬ፣ ገመዱን ጠቅልዬ እጄ ላይ ይዤው እወጣለሁ። እንዲህ ያስተማረችኝ ከእርስዎ ዘንድ ቫርኒሽ የምትቀባው ልጅ ናት።

አንቺም ልጄ፣ ሲጠይቁሽ ከእንግዲህ አትሸፍኚኝ። "አባቴ ዋሽቷል" በያቸው። ይህ ቃል ከአፍሽ እንደማይወጣ አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔ ጽፌልሻለሁ፣ ያንቺ ድርሻ ማንበብ ብቻ ነው፦ አባቴ ሙለታ ዋሽቷል። ካልቻልሽ ጣትሽን እዚህ መስመር ላይ አድርገሽ አሳዪያቸው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ይቅርታን አንዴ ያለ ቦታው ተጠቅሜበት ስላበላሸሁት ቃሉን ለመጥራት አፍራለሁ። ለገና ነይም አልልሽም። ብቻ ከደሎ መና የሚነሳው አውቶቡስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው አሉ፤ ሳልጠይቅ ሰው ነው የነገረኝ።

ጌታ እጅሽን ይጠብቅልኝ፣ አሥሩንም ጣት። የቆረጥሽው ይግጠምልሽ። ከበላይሽ ለሚሆን ሰው ሁሉ ሥራሽን የሚያይ ዓይን ይስጠው። ከወባውም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ።

ከታች "አባትሽ" ብዬ ጽፌ ነበር፣ ስርዙን ታዪዋለሽ። አቶ ቦሩ የአባትን ቃል አያምኑም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም እማኝ በስሜ ብቻ ፈርሜያለሁ።

ሙለታ ደራራ
አናጺ፣ ሮቤ